ወደ «አቅመ ደካማ» መዝገብ ያልገቡ አረጋውያን፤ የአቅም መመናመንን በደሴና በኮምቦልቻ ማጥናት

በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች «አቅመ ደካማ» የሚለው ቃል በየዕለቱ የሚነገርና የሚጻፍ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ወጣቶች ቤታቸውን የሚጠግኑላቸው አረጋውያን የሚመረጡት በዚህ ስም ነው። የጤና መድን መዋጮ መክፈል የማይችሉ ነዋሪዎች የሚለዩት፣ የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች የሚመዘገቡትና የትብብር ደብዳቤ የሚጻፍላቸውም በዚሁ ስም ነው። መስፈርቱ የታወቀ ነው፤ ጧሪና ገቢ የሌላቸው፣ ሠርተው ማደር የማይችሉ ወገኖች ይመዘገባሉ።

ምዝገባው አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ የሚያገኘው አስቀድሞ የወደቀውን ሰው ነው። ገና በእግሩ የሚሄደውን፣ ለሰላምታም ለቀብርም የሚወጣውን፣ ነገር ግን አንድ ጉንፋን ወይም አንድ መንሸራተት አልጋ ላይ ሊያውለው የሚችለውን አረጋዊ አያየውም። የጤና ተመራማሪዎች ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በስፋት ሲያጠኑት የቆዩት ይህንኑ በመካከል ያለ ሁኔታ ሲሆን፣ በአማርኛ «የአቅም መመናመን» ሊባል ይችላል። ከቀበሌው «አቅመ ደካማነት» ጋር በስም ቢቀራረብም በይዘት ይለያል። የመጀመሪያው በሰውነት ላይ የሚለካ የጤና ሁኔታ ሲሆን፣ ሁለተኛው በኑሮ ላይ የተመሠረተ የአስተዳደር ምድብ ነው። ጡረታም ልጆችም ያላቸው አረጋዊ አቅማቸው ክፉኛ የተመናመነ ሊሆን ይችላል፤ በድህነት የሚኖሩ አረጋዊት ደግሞ ጠንካራ ሊሆኑ ይችላሉ።

የአቅም መመናመን በአጭሩ ሲገለጽ የሰውነት መጠባበቂያ አቅም መሳሳት ነው። ዕድሜያቸው 70 ዓመት የሆነ ሁለት እናቶች በአንድ ሳምንት የሳንባ ምች ቢይዛቸው፣ አንደኛዋ መድኃኒታቸውን ጨርሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ማጀታቸው ሲመለሱ፣ ሁለተኛዋ ሳሉ ከለቀቃቸው በኋላም ሳይነሱ ሊቀሩ ይችላሉ። በሽታው አንድ ነው፤ ዕድሜውም አንድ ነው። የተለየው በሽታው ሲመጣ በሰውነታቸው ውስጥ የነበረው ስንቅ ነው።

ሒደቱ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። ጡንቻ ሲሳሳ እርምጃ ያጥራል፤ እርምጃ ሲያጥር ከቤት መውጣት ይቀራል፤ ከቤት የማይወጣ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ምግብ ሲቀንስ ጡንቻው ይበልጥ ይሳሳል። በዚህ ላይ የቆየ በሽታ፣ የዓይን መጋረድ፣ የጥርስ መጎዳት፣ የትዳር ጓደኛ ሞት ወይም ብቸኝነት ሲጨመር ዑደቱ ይፋጠናል። ቤተሰቡ በአብዛኛው የሚሰጠው ማብራሪያ «ዕድሜ ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል ነገሩን የተፈጥሮ ግዴታ አድርጎ ስለሚያስቆጥረው ሊታከም የሚችለውም ሳይታከም ይቀራል።

ጉዳዩ በሳይንሳዊ መለኪያ መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ 5 ሺህ 317 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ አምስት ምልክቶችን ለይተዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሳይፈልጉ 4 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ገደማ መክሳት፣ የድካም ስሜት፣ የእጅ መጨበጥ ኃይል መቀነስ፣ የእርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ። ሦስትና ከዚያ በላይ የታየበት ሰው አቅሙ እንደተመናመነ፣ አንድ ወይም ሁለት የታየበት ደግሞ በመንገድ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። በዚያ ጥናት ከተካተቱት ውስጥ 6 ነጥብ 9 በመቶ የሚሆኑት አቅማቸው የተመናመነ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች በተከታዮቹ ዓመታት ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚወድቁ፣ ሆስፒታል እንደሚገቡና እንደሚሞቱም ተረጋግጧል።

በዚያው ዓመት በካናዳ እነ ኬኔት ሮክውድ ሌላ መንገድ ተከትለዋል። እነርሱ የመረጡት በሽታዎችን፣ የአካል ጉድለቶችንና የዕለት ተዕለት ችግሮችን አንድ በአንድ ቆጥሮ ከጠቅላላው ስንት እጁ በሰውየው ላይ እንደተከማቸ ማስላትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከኔዘርላንድ የቲልበርግ መጠይቅ ወጣ። 15 ጥያቄዎች ያሉት ይህ መጠይቅ 8ቱ ስለ አካል፣ 4ቱ ስለ አእምሮና ስሜት፣ 3ቱ ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ሲሆኑ፣ 5 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አቅሙ እንደተመናመነ ይወሰዳል። መሣሪያ የማይጠይቅና በቃል የሚሞላ በመሆኑ ገንዘብ ለሚያጥራቸው ጥናቶች ይመቻል።

የመለኪያው ምርጫ የባለሙያዎች የውስጥ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ከ62 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ትንተና እንዳመለከተው፣ በፍሪድ ዓይነት አካላዊ መለኪያ አቅማቸው የተመናመነ ሆነው የተገኙት 12 በመቶ ሲሆኑ፣ ጉድለቶችን በሚቆጥረው መለኪያ ግን 24 በመቶ ነበሩ። መለኪያው ሲለወጥ ቁጥሩ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። በመሆኑም አንድ የሥራ ኃላፊ የጥናት ሪፖርት በጠረጴዛው ላይ ሲቀርብለት መቶኛውን ከማንበቡ በፊት በምን ተለካ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ያለዚህ የሁለት ከተሞችን ወይም የሁለት ዓመታትን ውጤት ማወዳደር አሳሳች ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት የሚመቹም የሚያስቸግሩም ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ በ2 ሺህ 500 ሜትር አካባቢ የምትገኝ ዳገታማና ብርዳማ ከተማ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በቦርከና ሸለቆ የተዘረጋች ሞቃታማ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደሴ 151 ሺህ፣ ኮምቦልቻ 85 ሺህ ገደማ ነዋሪዎች ነበሯቸው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ባለመካሄዱ በእያንዳንዱ ቀበሌ ስንት አረጋውያን እንዳሉ የሚያሳይ የታመነ ዝርዝር ማግኘት አይቻልም። ጥናቱ የሚጀምረው እንግዲህ ዝርዝሩን ራሱን ከማዘጋጀት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤተሰብ መዝገብ ጥሩ መነሻ ቢሆንም፣ በኪራይ ቤት ከልጆቻቸው ጋር ተዳብለው የሚኖሩና በቅርብ ዓመታት ተፈናቅለው የመጡ አረጋውያን በቀላሉ ሊያመልጡት ይችላሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ዕድሜ ነው። በኢትዮጵያ 60 ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ መውጫ ከመሆኑም በላይ የአረጋዊነት መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ይሁን እንጂ የልደት ምዝገባ በአገሪቱ በሕግ በተደራጀ መልኩ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ዛሬ አረጋዊ የሆነ ሰው የልደት ቀኑን በሰነድ ማረጋገጥ የሚችለው ከስንት አንድ ነው። በመታወቂያ ላይ የተጻፈውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ግምት ነው። ስለሆነም መረጃ ሰብሳቢዎች የዘመን መለኪያ የሚሆኑ ክስተቶችን ይዘው ይቀርባሉ፤ ጣሊያን ሲወጣ ተወልደው ነበር ወይ፣ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ስንት ዓመት ይሆንዎታል፣ በ1966ቱ ድርቅ አግብተው ነበር ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። በወሎ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የዕድሜ ማስያ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ወደ ኋላ ይታያል።

የክብደት መቀነስ ጥያቄ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን በየቤቱ ሚዛን ስለሌለ «ባለፈው ዓመት ስንት ኪሎ ቀነሱ» የሚለው መልስ አያገኝም። ልብስ ሰፋ ወይ፣ መቀነት ስንት ዙር ጨመረ፣ ቀለበት ይወልቃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የተሻለ መልስ ይገኛል። የባት ዙሪያን በሜትር መለካትም የተለመደ ነው፤ ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የጡንቻ መሳሳት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ጀርባቸው የጎበጠ አረጋውያን ቁመታቸው ቆመው ሲለኩ ስለሚያጥር የክንድ ዝርጋታ ወይም የጉልበት ቁመት ተለክቶ ይሰላል። የመረጃ መሰብሰቢያው ወቅትም የራሱ ተጽዕኖ አለው። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ማብቂያ የሚመዘን ሰው ክብደት ከሌላው ጊዜ ሊለይ ስለሚችል፣ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ግቢ በሚኖሩበት ወሎ የጥናቱ ቀን መቁጠሪያ ሁለቱንም አጽዋማት ማየት ይኖርበታል።

የድካም ስሜት ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ስለ ጤናቸው የተጠየቁ የወሎ አረጋውያን የመጀመሪያ መልስ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህ መልስ ምስጋና እንጂ የሕመም መግለጫ አይደለም። ለማያውቁት ወጣት ጠያቂ ማማረርም ነውር ነው። ልምድ ያላቸው ጠያቂዎች ስሜትን ትተው ስለ ሥራ ይጠይቃሉ፤ ጀሪካን ውኃ ከደጅ እስከ ጓዳ ያስገባሉ ወይ፣ ከገበያ ሲመለሱ ዳገቱን ስንት ጊዜ አርፈው ይወጣሉ፣ ለቡናው ማን ይወቅጣል፣ ባለፈው ወር ስንት ቀብር ቀሩ። የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ቢመስልም በወሎ ትልቅ ትርጉም አለው። ከቅሬው ቀብር መቅረት የጀመረ ሰው ሌላ ምክንያት ከሌለው በስተቀር ጉልበቱ ከድቶታል ማለት ነው።

የእርምጃ ፍጥነት የሚለካው በ4 ሜትር ገደማ ደልዳላ መሬት ላይ በሰዓት መቁጠሪያ ነው። 4 ሜትሩን ለመሄድ ከ5 ሰከንድ በላይ የፈጀ ሰው እርምጃው እንደዘገየ ይቆጠራል። በኮምቦልቻ ሜዳ ይህን ማድረግ አይከብድም፤ በደሴ ተዳፋት ሰፈሮች ግን ደልዳላ 4 ሜትር የሚገኘው አንዳንዴ ጎረቤት ግቢ ሄዶ ነው። መለኪያው በጫማና ያለጫማ፣ በምርኩዝና ያለምርኩዝ እንደሚለያይ አስቀድሞ ካልተወሰነ የአንዱ ጠያቂ ውጤት ከሌላው አይገጥምም።

የእጅ መጨበጥ ኃይል የሚለካው በመጨበጫ መለኪያ መሣሪያ ነው። በመጀመሪያው ጥናት ደካማ የተባሉት ከራሳቸው ከአሜሪካውያኑ መካከል በኃይል የመጨረሻው አንድ አምስተኛ ላይ የተገኙት ነበሩ። ያንን የኪሎ መጠን እንዳለ ወደ ደሴ ማምጣት፣ ዕድሜውን ሁሉ በአነስተኛ ምግብ የኖረውን ቀጭን ገበሬ ገና በጤናው ሳለ ደካማ ሊያሰኘው ይችላል። በአካባቢው ሰው መካከል የመጨረሻውን አንድ አምስተኛ መውሰድ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፤ ኅብረተሰቡ በሙሉ ቢጠነክርም ቢደክምም 20 በመቶው ምንጊዜም ደካማ ሆኖ ይቆጠራል። ከሁለቱ የትኛው እንደተመረጠና ለምን እንደተመረጠ በሪፖርቱ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ጥናቱ ቤት ለቤት እንዲካሄድ የሚፈለግበት ምክንያትም እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባል። በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የሚገኙ አረጋውያን ታመው የመጡ፣ ግን መምጣት የቻሉ ናቸው። ጠንካራው አይመጣም፤ እጅግ የደከመውም አይመጣም። በጤና ተቋም ብቻ የተለካ ቁጥር ስለ ከተማው የሚናገረው ጥቂት ነው። ቤት ለቤት በሚካሄደው ጥናትም ቢሆን በር ሲንኳኳ ቀድሞ የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ ልጅ ወይም የልጅ ሚስት ነው። «እሳቸው ደህና ናቸው፤ ተኝተዋል» ተብሎ የታለፈው ቤት ምናልባት ጥናቱ ሊያገኘው የመጣው ሰው ያለበት ነው። ጠያቂው በሌላ ሰዓት ተመልሶ እንዲመጣ የጊዜና የውሎ አበል በጀት ያልተያዘለት ጥናት ከመጀመሪያውም ውጤቱን ወደ ጠንካሮቹ ያዘነብላል።

በወሎ የአቅም መመናመን ጥያቄ ከታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ2018 ዓ.ም. 60 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በ1966ቱ የረሃብ ዘመን የ8 ዓመት ሕፃናት፣ በ1977ቱ ደግሞ የ19 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ዛሬ 80 ዓመት የሆናቸው በመጀመሪያው ረሃብ ጊዜ ልጆች የሚያሳድጉ የ28 ዓመት ጎልማሶች ነበሩ። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት የደረሰውን ረሃብ የተከታተሉ ጥናቶች በማሕፀን ሳሉ ምግብ የተጓደለባቸው ሰዎች በጉልምስናቸው የስኳርና የልብ በሽታ ሥጋት እንደሚበረታባቸው አሳይተዋል። በወሎ ግን ነገሩ ሁለት መልክ ሊኖረው ይችላል። ረሃቡ ሰውነታቸውን አሳስቶ ለእርጅና ያስረከባቸው ይኖራሉ፤ በአንጻሩ ያን ዘመን ያለፉት በተፈጥሯቸው የጠነከሩት ስለሆኑ ዛሬ የሚለካው የተረፉት ጥንካሬ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚካሄድ መጠይቅ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት አይችልም። የትውልድ ዓመትንና በወቅቱ የኖሩበትን ወረዳ መመዝገብ ግን ወጪ የማይጠይቅ ሲሆን፣ ወደፊት ለሚነሱ ተመራማሪዎች በር ይከፍታል።

በቅርቡም በጦርነቱ ወቅት ሁለቱ ከተሞች ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በቆዩበት ጊዜ የጤና ተቋማት መዘረፋቸውና መውደማቸው ይታወቃል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በየዕለቱ ለሚወስዱ አረጋውያን የአንድ ወር መቋረጥ ቀላል አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. በኋላ በእነዚህ ከተሞች የሚካሄድ ማንኛውም ጥናት ስለዚያ ወቅት ቢያንስ አንድ ጥያቄ ማካተት ይኖርበታል።

ቁጥሩ ተገኝቶ ለምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የአቅም መመናመን በተለይ በመጀመሪያ ደረጃው ሊገታ፣ አንዳንዴም ሊቀለበስ የሚችል መሆኑ የጥናቱን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። ከ70 እስከ 89 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 1 ሺህ 635 አሜሪካውያን ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ መደበኛ የእግር ጉዞና የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ የሠሩት ከሌሎቹ ይልቅ መራመድ የማቃት ሥጋታቸው በ18 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። እንቅስቃሴው ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ከወንበር ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በተረከዝ መነሳት፣ በየቀኑ መንገድ መሄድ ይበቃል።

በምግብ በኩል ለአረጋውያን የሚመከረው የፕሮቲን መጠን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ1 እስከ 1 ነጥብ 2 ግራም ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ50 እስከ 60 ግራም ይሆናል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን ሐኪም ማማከር አለባቸው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላልና ወተት በቤት የሚገኙ ምንጮች ቢሆኑም፣ እንቁላሉና ወተቱ ለሕፃናት ቅድሚያ የሚሰጥበት ባህል ስላለ አያቶች ራሳቸው ድርሻቸውን ለልጅ ልጆቻቸው ያሳልፋሉ። ከዚህ ሌላ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ብቻውን አንድን ሰው ከቤት ሊያወጣው ይችላል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት የሚከሰት መሆኑን አመልክቶ ነበር።

መዋቅሩ በከፊል አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል። ደሴ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲ ኔት ፕሮግራም በመጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ፕሮግራሙ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን የቀጥታ ድጋፍ ክፍል አለው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች መካከል የደሴ ጎረቤት የሆነችው ተሁለደሬ ትገኛለች። ወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴ የጤና ሳይንስ ትምህርት፣ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ክፍተቱ የሚታየው በመጨረሻው እርከን ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፓኬጆች በዋነኛነት የተቀረጹት ለእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ ለንጽሕናና ለተላላፊ በሽታዎች በመሆኑ፣ ባለሙያዋ ወደ አንድ ቤት ስትገባ ስለ ነፍሰ ጡሯና ስለ ክትባቱ ትጠይቃለች፤ ጥግ ላይ ስለተቀመጡት አያት የምትሞላው ቅጽ ግን የላትም። ከወንበር ተነስተው ጥቂት እርምጃ ሄደው እንዲመለሱ መጠየቅና ሰዓት መመልከት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

የመንግሥት ሠራተኛውን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይም አለ። በየዕለቱ ወደ ቢሮ ሲመላለስ የኖረ ሠራተኛ 60 ዓመት በሞላው ማግሥት እንቅስቃሴውም የወዳጅ ክበቡም በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። ቢያንስ ግን ጡረታ አለው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት በአዋጅ የተዘረጋው በ2003 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ሠርተው ያረጁት የኮምቦልቻ የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች፣ የደሴ ቸርቻሪ ነጋዴዎች፣ የቀን ሠራተኞችና የቤት እመቤቶች የሚደገፉት በልጆቻቸው ነው። ልጆቻቸው ደግሞ ብዙዎቹ በአዲስ አበባና በዓረብ አገሮች ይገኛሉ። ገንዘብ ይልካሉ፤ እናታቸው ከገበያ ሲመለሱ ስንት ጊዜ እንዳረፉ ግን አያዩም።

አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚቀር ጥናት ማን ምን ላይ እንዳለ ያሳያል እንጂ ምን ከምን እንደመጣ አያሳይም። ድብርት አቅምን አመናመነ ወይስ የአቅም መመናመን ድብርትን አመጣ የሚለውን ለመለየት ያው ሰው ከዓመት በኋላ እንደገና መታየት አለበት። ለዚህም የመጀመሪያው ቀን መዝገብ ከስም በተጨማሪ የሰፈር ምልክት፣ የጎረቤት ስልክና የቅሬውን ስም መያዝ አለበት፤ የቤት ቁጥር በሌለበት መንደር ማን እንደሞተ፣ ማን ቤት እንደቀየረ፣ ማን ከቀብር መቅረት እንደጀመረ የሚያውቀው የቅሬው ጸሐፊ ነውና።